ሞላውን ያልያዘ ቦል ጆይንት አይፍታ
የላዳን የፊት ቦል ጆይንት በግቢ ውስጥ ስለመቀየር የተደረገ ንግግር

እንደምን ዋላችሁ።

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አንዲት መኪና አንድ መገጣጠሚያ ነው። መኪናዋ ላዳ ናት፤ መገጣጠሚያው የፊት እግሯ ቦል ጆይንት። ርእሱ የጠበበው ሆን ተብሎ ነው። «ስለ መኪና ጥገና» ብለን ግማሽ ቀን ብናወራ፣ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ የትኛው ብሎን በስንት ቁጥር ቁልፍ እንደሚፈታ አታውቁትም። ይኼኛውን ግን ሰምታችሁ ነገ ግቢያችሁ ውስጥ ልትሠሩት ትችላላችሁ። ወይም ሰምታችሁ «ይኼስ ለእኔ አይሆንም፣ ጋራዥ ልውሰዳት» ትላላችሁ። እሱም ደህና ውሳኔ ነው።

ላዳን የመረጥነው ያለ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1970 ቶሊያቲ በምትባለው የሶቭየት ከተማ መመረት የጀመረችው 2101 የተባለችው ሞዴል የጣሊያኑን ፊያት 124 መሠረት አድርጋ የተሠራች ናት። ከሷ በኋላ 2103፣ 2106፣ 2105፣ 2107 እያለ ዘሩ ቀጠለ፤ 2107 እስከ 2012 እ.ኤ.አ. ድረስ ተመርታለች። መብራቷ፣ መቀመጫዋ፣ ሞተሯ ተለዋውጧል፤ የፊት እግሯ አሠራር ግን ያው ነው። አዲስ አበባ ሰማያዊና ነጭ ታክሲ ሆና የዞረችውም፣ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሳ የቆመችውም፣ የአንዷን እግር ያወቀ የሌላዋንም ያውቃል።

ቮልስ ያላችሁ አትቀየሙን፤ የናንተው ሌላ ሥራ ነው። እስከ 1965 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል ያሉት ቮልሶች ቦል ጆይንት የላቸውም፤ የሚዞሩት ኪንግ ፒንና ሊንክ ፒን በሚባሉ የብረት ዘንጎች ነው። ከ1966 ሞዴል ወዲህ ያሉት አላቸው፤ ግን ክንዱ ውስጥ በፕሬስ ተጨምቆ የገባ ስለሆነ በግቢ መዶሻ አይወጣም። ክንዱን ፈትቶ ፕሬስ ወዳለበት መውሰድ ነው። ላዳ ላይ ግን እያንዳንዱ ቦል ጆይንት የታሰረው በ3 ብሎን ብቻ ነው። ለቤት ሥራ ያመቻትም ይኼ ነው።

አሁን ወደ እግሩ እንግባ። የፊት ጎማ የተያዘው በሁለት ክንድ ነው፤ መካኒኩ ብራቾ ይላቸዋል። አንዱ ከላይ አንዱ ከታች ነው። በሁለቱ ጫፍ መካከል ጎማውን የሚሸከም ብረት ቆሟል፤ ዛሬ «ተሸካሚ ብረት» እንበለው። ይኼ ብረት መንገዱ ጎርበጥ ሲል ከክንዶቹ ጋር ከፍ ዝቅ ማለት አለበት፤ መሪ ሲጠመዘዝ ደግሞ ግራና ቀኝ መዞር አለበት። ሁለቱንም ባንድ ጊዜ የሚፈቅድለት ቦል ጆይንቱ ነው። ገበሬ ቤት ያደገ ሰው ምራንን ያውቃል፤ ሞፈሩን ከቀንበሩ የሚያስተሳስረው ጠፍር። አጥብቆ ይይዛል፣ ወዲያ ወዲህ ማለትን ግን አይከለክልም። ምራኑ ሲበጠስ በሬዎቹ ይሄዳሉ፣ ሞፈሩ መሬት ይቀራል። ቦል ጆይንትም እንደዚያው ነው፤ ሲለያይ የሚቀረው ግን የመኪናዋ አንድ እግር ነው።

ውስጡ ውስብስብ አይደለም። የብረት ኳስ አለች፤ ከኳሷ ጣት የመሰለ ፔርኖ ይወጣል። ኳሷ በብረት ቤት ውስጥ፣ ለስላሳ መቀመጫ ላይ፣ ግሪስ ተቀብታ ትቀመጣለች። አፉ በላስቲክ ኮፍያ ይሸፈናል። ፔርኖው ሾጣጣ ነው፤ ተሸካሚው ብረት ላይ ባለ ሾጣጣ ቀዳዳ ገብቶ በዳዶ ይጠበቃል። የላይኛው ፔርኖ ወደ ታች፣ የታችኛው ወደ ላይ ነው የሚያመለክተው።

ከዚህ በኋላ የምንለውን ሁሉ የሚወስነው ሞላው የተቀመጠበት ቦታ ነው። ላዳ ላይ ሞላው ያረፈው የታችኛው ብራቾ ላይ ነው። የመኪናዋ ክብደት በሞላው በኩል ብራቾውን ቁልቁል ይገፋዋል፤ ጎማው ደግሞ መሬት ረግጦ አልወርድም ይላል። በመካከላቸው ያለው የታችኛው ቦል ጆይንት ነው። ቤቱ ከብራቾው ጋር ቁልቁል ይሳባል፣ ፔርኖው ሽቅብ ተይዞ ይቀራል። ስለዚህ የላዳ የታችኛው ቦል ጆይንት የሚጨመቅ ሳይሆን የሚጎተት ነው፤ ስትሄድም ስትቆምም። የሚጨመቅ መገጣጠሚያ ሲያልቅ ይንኳኳል እንጂ በቀላሉ አይለያይም። የሚጎተተው ግን ካለቀ ኳሷ ከቤቷ ተመንጭቃ ትወጣለች። ያን ጊዜ ጎማው ወደ ጎን ይጋደማል፣ መኪናዋ በአንድ ጎኗ አስፋልቱ ላይ ትደፋለች።

ከደጀን ወደ ዓባይ የወረደ ሰው ይኼ የት ቢደርስ እንደሚከፋ አይነገረውም። ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው፤ ፍሬን በተያዘ ቁጥር ክብደቱ ወደ ፊት እግር ይመጣል፣ ጠመዝማዛው ደግሞ የውጭውን ጎማ ይጫነዋል። እግሩን የሚጨርሰው ግን ዓባይ በረሃ አይደለም። የሚጨርሰው ክረምት ነው። በተቀደደ ላስቲክ የገባ ውሃና ደቃቅ አፈር ከግሪሱ ጋር ተለውሶ መሞረጃ ይሆናል፤ ኳሷን እንደ ቢላ ይሞርዳታል። ላስቲኩ ግንቦት ላይ ከተቀደደ መስከረም ላይ ቦል ጆይንቱን እንዳለቀ ቁጠሩት።

እንግዲህ ማለቁ እንዴት ይታወቃል? ቀስ ብላችሁ ጉድጓድ ስታልፉ ከፊት የሚሰማ ደረቅ ኳኳታ፣ ቆማችሁ መሪ ስትጠመዝዙ የሚሰማ ጭርጭርታ፣ የፊት ጎማ በአንድ ጠርዝ ብቻ መበላት፣ ቀጥ ባለ መንገድ ወደ አንድ ጎን መሳብ ምልክቶች ናቸው። ግን ምልክት ብቻ ናቸው፤ ኳኳታ ንዝረት ከሚያበርደው ከአሞርዛተርም፣ ብራቾው ከሚታሰርበት ላስቲክ ከጎሚኒውም ይመጣል። ድምፅ ሰምቶ ዕቃ የሚገዛ ሰው አራት ጊዜ ይገዛል።

መጀመሪያ ላስቲኩን እዩ። በእጅ ባትሪ፣ ጭቃውን ጠርጋችሁ፣ ዙሪያውን ሁሉ። ቀዳዳ ካለውና ግሪሱ ወጥቶ አቧራ ከጠጣ፣ ቦል ጆይንቱ ገና ባይላወስም መቀየሩ አይቀርም።

ቀጥሎ በእጅ መፈተሽ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው አንድ ነገር አለ። ክሪኩን ከቦዲው ሥር ያስገባል፣ መኪናዋን ያነሣል፣ ጎማው ተንጠልጥሎ ሳለ ይዞ ይወዘውዛል፣ «ደህና ነው» ብሎ ያወርዳል። ጎማው ሲንጠለጠል ሞላው ብራቾውን ቁልቁል ወጥሮ ይዟል፤ ኳሷ በአንድ ጎን ተጣብቃ ስለምትቀር ያለቀው ቦል ጆይንት እንደ አዲስ ጠጣር ይመስላል። ክሪኩ መግባት ያለበት ከታችኛው ብራቾ ሥር፣ ለቦል ጆይንቱ በቀረበ ቦታ ነው። ያኔ ክሪኩ ሞላውን ይጨምቀዋል፣ ቦል ጆይንቱ ከጉተታው ያርፋል፣ ክፍተቱም ይገለጣል።

ጎማው ከመሬት ሁለት ሦስት ጣት ሲነሣ፣ አንድ እጅ ከላይ አንድ እጅ ከታች አድርጋችሁ ጎማውን ሳቡት፣ ግፉት። ተላወሰ? ሌላ ሰው የፍሬን ፔዳሉን ይርገጥ። ፍሬን ሲረገጥ መላወሱ ከጠፋ ጥፋቱ የጎማው ኩሽኔታ ነው፤ ለላዳ የኩሽኔታ ክፍተት ከ0.15 ሚሊ ሜትር ሲያልፍ መስተካከል አለበት። ፍሬን ተረግጦም ከተላወሰ ቦል ጆይንቱ ነው። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ጣታችሁን ብራቾውና ተሸካሚው ብረት በሚገናኙበት ላይ አሳርፉና ጓደኛችሁ ይወዝውዝ፤ ጣት ዓይን ያላየውን ያገኛል። ለላይኛው የተቀመጠው ወሰን 0.8 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከዚያ በላይ ከተላወሰ ይቀየራል። ጎማውን ግራና ቀኝ ይዛችሁ ስትወዘውዙት ብቻ የሚላወስ ከሆነ ግን ነገሩ የመሪ ነው፤ የመሪ ዘንጉን ጫፍ ኳስ፣ ታይሮድ ኢንዱን፣ ተመልከቱ።

የታችኛውን ደግሞ ሳይፈታ መለካት ይቻላል፤ ይኼን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። ከቤቱ ታች፣ መሬት በሚያየው በኩል፣ በ7 ቁጥር ቁልፍ የምትፈታ ትንሽ መወተፊያ አለች። ጎማው መሬት ረግጦ ሳለ እሷን ፈትታችሁ የቬርኒየር መለኪያውን የጥልቀት ዘንግ በቀዳዳው አስገቡ፤ ኳሷን እስኪነካ። ቬርኒየር ከሌላችሁ ቶርኖ ቤት አይጠፋም፣ ለአሥር ደቂቃ ተዋሱ። ከቤቱ የታች ገጽ እስከ ኳሷ ያለው ርቀት ከ11.8 ሚሊ ሜትር ከበለጠ ቦል ጆይንቱ አብቅቶለታል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የሚጎተት ስለሆነ ባለቀ ቁጥር ኳሷ ወደ ላይ እየሸሸች ከመወተፊያው ትርቃለች። ከለካችሁ በኋላ መወተፊያዋን መልሱ፤ ክፍት ቀርታ የገባ አፈር ደህናውንም ይጨርሳል። ገበያ ላይ ካሉት አንዳንዶቹ መወተፊያ የላቸውም፤ እነሱን በእጅ መፈተሽ ብቻ ነው።

ዕቃ ግዢ ላይ አጭር እንሁን። ሙሉ ስብስቡ 4 ነው፤ 2 የላይ፣ 2 የታች። ግራና ቀኝ አይለይም፣ ላይና ታች ግን ይለያያል፤ ቆጣሪው ላይ አራት አንድ ዓይነት ከተሰጣችሁ መልሱ። ፔርኖውን በጣታችሁ አንቀሳቅሱት፤ ደህናው ጠጠር ብሎ፣ ሳይንቀጠቀጥ፣ በሁሉም አቅጣጫ እኩል ይሄዳል። በራሱ ክብደት ወዲያ ወዲህ የሚወድቅ፣ ወይም ላይ ታች ስትሉት ጠቅ የሚል፣ አዲስ ቢባልም አሮጌ ነው። ላስቲኩን በጣት ጨምቁት፤ መደርደሪያ ላይ ብዙ የቆየ ይሰነጠቃል። ዳዶው አብሮ መኖሩን እዩ፤ ራሱን የሚቆልፍ ስለሆነ የድሮውን መልሶ ማሰር አይገባም። አንዱ የታችኛው ካለቀ ሁለቱንም የታችኛ ቀይሩ፤ አንድ መንገድ ነው የሄዱት፣ አንድ ዓመት ነው የጠጡት።

መሣሪያው ይኼ ነው፦ 13 ቁጥር ቁልፍ ሁለት፣ አንዱ ለብሎኑ አንዱ ለዳዶው፤ 22 ቁጥር ለፔርኖው ዳዶ፤ ለጎማው ብሎን እንደ ሞዴሉ 19 ወይም 17፤ ፔርኖውን ከቀዳዳው የሚያላቅቅ የቦል ጆይንት ፑለር፤ ካልተገኘ ሁለት ከባድ መዶሻ፤ የሽቦ ብሩሽ፤ አጭር ዲጂኖ፤ ሁለት ሜትር ያህል የማሰሪያ ሽቦ፤ ሁለት ክሪክና ሁለት የብረት መቆሚያ። ላዳ ጎማዋን የምታስረው በብሎን እንጂ በዳዶ አይደለም፤ ይኼን የማያውቅ ሰው ጎማውን መልሶ ሲያስገባ ቀዳዳ ፍለጋ ይደክማል።

ቦታው ደልዳላና ደረቅ ይሁን። የጎጃም ግቢ ብዙው አፈር ነው፤ ዋልካ ከሆነ ክሪኩ ቀስ እያለ ይሰምጣል፣ መኪናዋ ስትዘም የምታውቁት ዘግይቶ ነው። ከክሪኩም ከመቆሚያውም ሥር 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ሰፊ ጣውላ አንጥፉ። ብሎኬት አትጠቀሙ። ብሎኬት ሲሰበር አያስጠነቅቅም፣ ሳይሰነጠቅ ባንድ ጊዜ ነው የሚፈርሰው። ድንጋይ መደራረብም ያው ነው። የወለቀውን ጎማ ከመኪናዋ ጎን ሥር አስተኙት፤ ሁሉ ነገር ቢከዳ እሱ ይቀበላታል።

ሥራው የሚጀምረው በዋዜማው ነው። ጭቃውን በሽቦ ብሩሽ አንሡ፣ ክሮቹን ሁሉ ደብሊው ዲ 40 ወይም ናፍጣ አጠጧቸው፣ ይደሩ። በማግሥቱ ጎማው መሬት ላይ እያለ ብሎኖቹን አላሉ። የኋላ ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም ታኮ አድርጉ። ፊቷን አንሡና መቆሚያ ላይ አሳርፏት፤ ክሪክ ለማንሣት እንጂ ለማቆም አይደለም። ጎማውን አውልቁ።

አሁን የንግግሩ ርእስ ላይ ደረስን። ሁለተኛውን ክሪክ ከታችኛው ብራቾ ሥር አስገቡ፤ የቦል ጆይንቱን ብሎኖች እንዳይሸፍን ከቤቱ ትንሽ ወደ ውስጥ፣ በሞላውና በቦል ጆይንቱ መካከል። ብራቾው ከፍ ብሎ መኪናዋን ከመቆሚያው ላይ ማንሣት ሊጀምር ሲል አቁሙ። በዚህ ሰዓት ሞላው በክሪኩ ተይዟል። ይኼን ሳያደርግ ዳዶውን የፈታ ሰው፣ ፔርኖው ከቀዳዳው በለቀቀ ቅጽበት በመቶ በሚቆጠር ኪሎ የተጨመቀ ሞላ ብራቾውን ቁልቁል ይወረውርበታል። እጅ ካለ እጅ፣ ጉልበት ካለ ጉልበት ይሰብራል። «አሞርዛተሩ ይይዘዋል» የሚል አለ፤ አሞርዛተር ለዚህ አልተሠራም። ይኼ ክሪክ ሥራው እስኪያልቅ አይወርድም፣ ለሌላ ነገር አይወሰድም። ዘይቱን የሚያፈስ ክሪክ ከሆነ ደግሞ ከጎኑ ጠንካራ የባሕር ዛፍ ግንድ አቁሙለት።

የሁለቱንም ፔርኖ ዳዶ በ22 አላሉ፤ ግን አታውጡ። ሦስት አራት ጥርስ ይቅር። ፔርኖው ሲለቅ ድንገት የሚዘለውን የሚይዘው ያ የቀረ ዳዶ ነው። ፑለር ካለ አስገብታችሁ አጥብቁ፤ እስኪወጠር ድረስ ብቻ፣ ከዚያ ተሸካሚውን ብረት በጎን በኩል በመዶሻ አንድ ሁለቴ ምቱት። «ጠሽ» የሚል ድምፅ ሲሰማ ለቋል። ፑለር ከሌለ ፔርኖው ያለፈበትን የቀዳዳውን ጆሮ በአንድ በኩል ከባድ መዶሻ አስደግፋችሁ በሌላው በኩል በሁለተኛው ምቱ። የሚመታው ጆሮው ነው። ፔርኖውን በአናቱ የሚመታ ክሩን ያበላሻል፣ ፔርኖውም አይወጣም፤ ሾጣጣ ነገር የሚለቀው ቀዳዳው ለአፍታ ከክብነቱ ሲዛነፍ ነው እንጂ በመገፋት ብቻ አይደለም። ሌላም ዘዴ አለ፦ ሁለቱ ፔርኖዎች ፊት ለፊት ስለሚተያዩ በመካከላቸው ወፍራም ብሎን ከነዳዶው አስገብቶ ዳዶውን ወደ ውጭ ማዞር ሁለቱንም ባንዴ ይገፋቸዋል። እሳት ግን አታምጡ፤ የፍሬን ጎማ ቱቦው አጠገቡ ነው።

ሁለቱም ከለቀቁ በኋላ የላይኛውን ብቻ ቀይሩ፤ የታችኛው በዳዶው ተይዞ ይቆይ። ሁለቱን ባንዴ ያወጣ ሰው ተሸካሚውን ብረት ከነዲስኩ ከነካሊፐሩ በፍሬን ቱቦ ላይ አንጠልጥሎ ያገኘዋል፤ ቱቦው ደግሞ ውስጡ ይበጠስና ውጩ ደህና ይመስላል። የላይኛውን ዳዶ አውጡ፣ ተሸካሚውን ብረት ወደ ውጭ እንዳይጋደም በሽቦ ከቦዲው ጋር እሰሩት፣ 3ቱን ብሎን በ13 ፈትታችሁ አሮጌውን አውርዱ። ብሎኖቹ አልፈታ ካሉ መስበር ምንም አይደለም፤ 8 ሚሊ ብሎኖች ናቸው፣ ከዕቃው ጋር አዲስ ይመጣሉ፤ ካልመጣ ጥንካሬያቸው 8.8 የተጻፈባቸውን ግዙ።

የብራቾውን ጫፍ በሽቦ ብሩሽ እስኪጠራ አጽዱ። ስንጥቅ ካለ፣ በተለይ ከብሎን ቀዳዳዎቹ ዙሪያ፣ ሥራው እዚያ ይቆማል። አዲሱን አስቀምጣችሁ 3ቱን ብሎን በተራ፣ ትንሽ በትንሽ፣ አጥብቁ፤ አጭር ቁልፍና አንድ እጅ ይበቃል። ቀጥሎ ሾጣጣው ቀዳዳ። በጨርቅ ይጠረግ፣ ይድረቅ። ግሪስ አይቀባም። ይኼን ስንል «ዝገት እንዳይዘው ብዬ ነው» የሚል አይጠፋም፤ ነገር ግን ሾጣጣው የሚይዘው በደረቅ ብረት ለብረት ግጥሚያ ነው። ግሪስ ካለ ፔርኖው ከልኩ በላይ ይሰምጣል፣ ቀዳዳውን ይወጥረዋል፣ ወይም ሲጠብቅ አብሮ ይዞራል።

ዳዶውን አስገቡ። ፔርኖው አብሮ ከዞረ ላይኛውን በዲጂኖ ብራቾውን ቁልቁል ተጫኑት፤ የታችኛው ላይ ሲደርስ ክሪኩን ትንሽ ከፍ ማድረግ ይበቃል፣ ፔርኖው ሽቅብ ተገፍቶ ቀዳዳው ውስጥ ይነክሳል። የማጥበቂያው ልክ ከ8.5 እስከ 10.5 ኪሎግራም-ኃይል ሜትር ነው፤ በአዲሱ አቆጣጠር ከ83 እስከ 103 ኒውተን ሜትር። የኃይል መለኪያ ቁልፍ ለሌለው ሰው እንዲህ ነው፦ ግማሽ ሜትር ርዝመት ባለው ቁልፍ ጫፍ ላይ ከ17 እስከ 21 ኪሎ መጫን። ውሃ የሞላ የ20 ሊትር ጀሪካን ስታነሡ ክንዳችሁ የሚሰማው ክብደት ማለት ነው። ሁለት እጅ፣ ጉልበትና የተቀጠለ ቱቦ አያስፈልገውም። ዳዶው ክሩን ጨርሶ ከቆመና ፔርኖው ግን ገና የሚላወስ ከሆነ ቀዳዳው ሰፍቷል፤ አዲስ ቦል ጆይንት አያድነውም፣ የሚቀየረው ተሸካሚው ብረት ነው። በሮንዴላ ሞልቶ ማሰር ነገ መንገድ ላይ መፈታት ነው።

የታችኛው አሠራሩ ያው ነው። ዳዶው ከወጣ በኋላ ተሸካሚውን ብረት ከላይኛው ብራቾ ጋር ሽቅብ አንሡት፤ ላይኛው ሞላ ስለሌለበት በቀላሉ ይነሣል። በእንጨት ደግፉት፣ 3ቱን ብሎን ፍቱ፣ ቀይሩ፣ መልሱ። ክሪኩ እዚያው ነው፤ ረስታችሁ እንዳታወርዱት።

አንድ ጎን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሠራ ግማሽ ቀን ይወስዳል፤ ሁለተኛው ጎን ሁለት ሰዓት አይሞላም። ሁለቱንም ጎን ባንዴ አትፍቱ። ግራ ሲያጋባችሁ የምታዩት ያልተፈታ አንድ እግር ይኑራችሁ።

እግሩ ተፈትቶ እያለ ታይሮድ ኢንዶቹንም እዩ፤ የላዳ የመሪ ዘንጎች በድምሩ 6 ኳስ አሏቸው። የሚቀየር ካለ አሮጌውን ከመፍታታችሁ በፊት ስንት ጥርስ እንደገባ ቁጠሩ፣ አዲሱን በዚያው ቁጥር አስገቡ። የሱ ዳዶ ልክ ያነሰ ነው፣ ከ42 እስከ 53 ኒውተን ሜትር፤ ኮተር ፒን ስላለውም ቀዳዳው ካልገጠመ አጥብቆ ማግጠም እንጂ ወደ ኋላ መፍታት የለም። የብራቾ ጎሚኒ ከቀየራችሁ ደግሞ የዘንጉን ዳዶ በመጨረሻ አጥብቁ፣ መኪናዋ መሬት ረግጣ ሳለች፤ ጎማው ተንጠልጥሎ ከተጠበቀ ጎሚኒው ተጠማዞ ይታሰርና በጥቂት ወር ይቀደዳል።

ጎማው ተመልሶ መኪናዋ ስትወርድ የጎማውን ብሎኖች በመስቀል ቅርጽ አጥብቁ፤ ልካቸው ከ59 እስከ 74 ኒውተን ሜትር ነው። ከዚያ የጎማዎቹን አቅጣጫ ለኩ። ለላዳ የተሰጠው ልክ 4 ሰውና 40 ኪሎ ዕቃ ተጭኖባት ነው፤ ለዕቃው ግማሽ ኩንታል ያልሞላ ጤፍ ከኋላ የዕቃ መጫኛዋ ውስጥ ብታስቀምጡ ይሆናል። በሁለቱ የፊት ጎማዎች መሐል፣ ከኋላ በኩል፣ በእንብርቱ ከፍታ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጉ፣ ርቀቱን በሜትር ለኩ። መኪናዋን ወደ ፊት ግፏት፤ ምልክቶቹ ከፊት በኩል እዚያው ከፍታ ላይ ሲደርሱ እንደገና ለኩ። የፊቱ ከኋላው ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ማነስ አለበት። ካልሆነ የመሪ ዘንጉን ማስተካከያ ግራና ቀኝ እኩል በማዞር ይስተካከላል። የጎማው ማዘንበል፣ 0 ዲግሪ ከ30 ደቂቃ፣ እና የተሸካሚው ወደ ኋላ ማጋደል፣ 4 ዲግሪ፣ ግን በጠመኔ አይለካም፤ በታችኛው ብራቾ ዘንግ ሥር ባሉ ቀጫጭን ሉሆች ስለሚስተካከል የአላይመንት መሣሪያ ወዳለበት ውሰዷት። እኛ ያንን ዘንግ ስላልነካነው ልኩ ብዙ አይርቅም።

ከታዳሚው ከተነሡት ጥያቄዎች ሁለቱ መጻፍ ያለባቸው ናቸው።

አንዱ «ያለቀውን ቤቱን በመዶሻ ጠርዙን መትቶ ማጥበብ፣ ወይም በብየዳ ማስሞላት አይቻልም ወይ?» የሚል ነበር። ዕቃ በጠፋበት ዘመን የተለመደ ነው። የላይኛውም ላይ የሚመከር አይደለም፤ የታችኛው ላይ ግን ጨርሶ አይሞከርም። በብየዳ የጋለ ቤት ብረቱ ይሰባበራል፣ መቀመጫው ይቃጠላል፣ ሥራው ደግሞ መጎተት ነው። ደጀን ድረስ ያደርሳል፤ ከደጀን በታች ያለውን ግን ማንም ዋስ አይሆንለትም።

ሁለተኛው «ስንት ጊዜ ያገለግላል?» የሚል ነው። በኪሎ ሜትር አይነገርም። ላስቲኩ ደህና እስከሆነ ኳሷ ደህና ናት። ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላ የጎማ ብሎኖቹንና ዳዶዎቹን እንደገና በቁልፍ እዩ፣ ከዚያ በየመስከረሙ ጭቃው ደርቆ ሳይጠነክር ላስቲኮቹን በእጅ ባትሪ ተመልከቱ። ላስቲክ ብቻውን ይሸጣል፤ ቀዳዳው በጊዜ ከታየ አሮጌውን ግሪስ ጠርጎ፣ አዲስ ሞልቶ፣ ላስቲኩን መቀየር ይበቃል። ከግሪሱ ውስጥ አሸዋ በጣቶቻችሁ መካከል ከሻከራችሁ ግን ላስቲኩን አትግዙ፤ ቦል ጆይንቱን ግዙ።